በአንድ ስልክና በአንድ ዘንግ ከሩቅ አገር ክፍል ጋር መማር፦ ለጎንደር መምህራን

ከውጭ አገር ትምህርት ቤት ጋር እንገናኝ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው የቪዲዮ ጥሪ ነው። ፕሮጀክተር ይሰቀላል፣ ስልሳ ተማሪ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፣ ከወዲያ ያሉት እጃቸውን ያወዛውዛሉ፣ ከወዲህ "ሄሎ!" ይባላል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ደወሉም ይደወላል። ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል፤ ግን ምን ተማሩ ቢባል መልስ የለም። ጥፋቱ የኔትወርኩ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ክፍሎች አንዱ ከሌላው የሚፈልገው ነገር አልነበራቸውም።

ስለዚህ መሣሪያውን ከመምረጣችሁ በፊት ጥያቄውን ምረጡ። ጥያቄው እናንተ ጎንደር ሆናችሁ ብቻችሁን የማትመልሱት፣ እነሱም እዚያ ሆነው ብቻቸውን የማይመልሱት መሆን አለበት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከተገኘ አንድ ስልክና ትንሽ ዳታ ይበቃል። ካልተገኘ ግን ሙሉ የኮምፒውተር ክፍል ቢኖርም አይረዳም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር መምህር የምንመክረው የምድርን ዙሪያ በጥላ መለካትን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ240 ዓመት ገደማ ኤራቶስቴንስ እስክንድርያ ሆኖ የሠራው ሥራ ነው። የዛሬዋ አስዋን በሆነችው በሴዬኔ በአንድ የበጋ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ እንደምትቆም ሰምቶ ነበር። በዚያው ቀን እስክንድርያ ላይ የጥላውን ማዕዘን ሲለካ 7.2 ዲግሪ ሆነ፤ የክብ 1/50ኛ ማለት ነው። የሁለቱን ከተሞች ርቀት በ50 አባዛና የምድርን ዙሪያ አገኘ። እዚህ ላይ ለተማሪዎቻችሁ የምትነግሩት ቁም ነገር አለ፦ ከአስዋን የመጣው ወሬ ባይደርሰው ኖሮ እስክንድርያ ላይ የለካው ማዕዘን ብቻውን ምንም አይነግረውም ነበር። አስዋንን አልፎ የሚወርደው ውኃ ከጣና የሚነሳው ዓባይ መሆኑን ብታክሉበት ደግሞ ታሪኩ ሩቅ መሆኑ ይቀራል።

ከማን ጋር?

አጋር ስትመርጡ ዋናው መስፈርት በሰሜን ወይም በደቡብ በኩል መራቁ ነው። ጎንደር በ12.6 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ። ልዩነቱ 3.6 ዲግሪ ብቻ ነው። ጥላ ስትለኩ በ1 ሳ.ሜ ብትሳሳቱ ማዕዘኑ በግማሽ ዲግሪ ገደማ ይዛነፋል፤ ከ3.6 ላይ ይህ ብዙ ነው፣ የምድርን ዙሪያ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያሳስታል። አውሮፓ ካለ ክፍል ጋር ሲሆን ግን ያው ስህተት ከብዙ ዲግሪ መካከል ስለሚገባ ጉዳቱ ጥቂት ነው። ሩቅ አገር የምንፈልገው ለዚህ ነው፤ ለጌጥ አይደለም።

ጎንደር የእህትማማች ከተሞች አሏት፤ ከእነሱ መካከል በፈረንሳይ ቬንሴን፣ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ኮርቫሊስ ይገኙበታል። ከዚህ መጀመር ጥሩ ነው፤ የከተማው አስተዳደር ሰው ስምና አድራሻ ሊያገኝላችሁ ይችላል፣ ለርዕሰ መምህሩም ማስረዳት ይቀላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ለምሳሌ የምንወስደው ቬንሴንን ነው። ፓሪስ ጥግ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ በ48.85 ዲግሪ ሰሜን፤ እንደ ጎንደርም የነገሥታት ግንብ አላት። ከሌላ አገር ጋር ብትሠሩ ቁጥሮቹን ቀይሩ፣ አሠራሩ ያው ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ አጭር ይሁን። ማን እንደሆናችሁ፣ ስንት ተማሪ እንዳላችሁና ዕድሜያቸው፣ የምትፈልጉት ሥራ፣ ከእነሱ የሚጠበቀው ጊዜ፣ የምትሠሩበት ሳምንት፤ ከዚህ ውጭ አያስፈልግም። "ተማሪዎቻችሁ ለአምስት ቀን በየቀኑ 20 ደቂቃ ጥላ እንዲለኩልን፣ እኛም እንድንለካላችሁ እንፈልጋለን" የሚል ዓረፍተ ነገር "የባህል ልውውጥና የወዳጅነት ትስስር ለመፍጠር" ከሚለው የበለጠ መልስ ያመጣል። መምህር የትም አገር ቢሆን ጊዜ የለውም፤ ልኩ የታወቀ ሥራ ሲሆን እሺ ለማለት ይቀለዋል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን፦ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ እርዳታ አትጠይቁ። ላፕቶፕም፣ መጽሐፍም፣ ብርም። ችግራችን የታወቀ ነው፤ ግን በልመና የተጀመረ ግንኙነት ልጆቻችንን ተቀባይ፣ እነዚያን ሰጪ አድርጎ ያስቀምጣል፣ ከዚያ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ የጎንደር ልጅ ቁጥር ከሌለ የቬንሴን ልጅ ቁጥር ዋጋ የለውም። ያንን እኩልነት ጠብቁት።

ቀንና ሰዓት

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ይቆጥራል፣ የእነሱ ከእኩለ ሌሊት። የእኛ መስከረም የእነሱ ሴፕቴምበር አይደለም። የጉግል መተርጎሚያ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ "ከጠዋቱ 2 ሰዓት" የሚለውን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አድርጎ፣ "መስከረም 1" የሚለውን "ሴፕቴምበር 1" ብሎ የሚያስቀምጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ቀንና ሰዓትን በፍጹም ለመተርጎሚያ አትስጡ፤ በእጃችሁ ቀይራችሁ ጻፉ።

ሁለቱም ወገን የሚግባባበት ዓለም አቀፉ ዩቲሲ ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች፣ ዓመቱን ሙሉ አትቀየርም። በቀን ሰዓታችን ላይ 3 ብትደምሩ ዩቲሲን ታገኛላችሁ፦ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለት 11:00 ዩቲሲ ነው። ፈረንሳይ በክረምቷ ከዩቲሲ በ1፣ በበጋዋ በ2 ሰዓት ትቀድማለች። የምትቀይረው በማርች የመጨረሻ እሁድ፣ በእኛ ከመጋቢት 16 እስከ 22 ባለው ሳምንት ነው። ቀጠሯችሁ ከዚያ እሁድ በፊትና በኋላ ከሆነ በአንድ ሰዓት ትተላለፋላችሁ። አሜሪካ ደግሞ ቀደም ብላ በማርች ሁለተኛ እሁድ ትቀይራለች።

የትኛው ወር? ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ እነሱ ዕረፍት ናቸው፤ እኛ ገናና ጥምቀት አለብን፣ ጥር 11 አካባቢ ጎንደር ላይ ማንም ክፍል አይገባም። ከዚያ የግማሽ ዓመቱ ፈተና ይከተላል። የሚቀሩት ጥቅምትና ኅዳር፣ ከዚያም የካቲትና መጋቢት ናቸው። ለጥላው ሥራ መጋቢት 11 የሚውልበት ሳምንት ይሻላል፤ ማርች 20 ነው፣ ፀሐይ ከምድር ወገብ በላይ የምትሆንበት፣ ቀንና ሌሊት የሚተካከሉበት ጊዜ። ጎንደር ላይም ሰማዩ ብዙውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ፓሪስ አካባቢ ግን በዚያ ወር ደመና አይጠፋም። ለዚህ ነው አንድ ቀን ሳይሆን ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ሳምንቱን ለኩ የምንለው፤ በኋላ ሁለታችሁም ፀሐይ ያገኛችሁበትን ቀን ትወስዳላችሁ። የግድ ያው ቀን መሆን አለበት። በመጋቢት ፀሐይ በቀን 0.4 ዲግሪ ወደ ሰሜን ትሄዳለች፣ የሰኞን ከማክሰኞ ጋር ብታቀላቅሉ መልሱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይዛነፋል።

ዘንጉን መሥራት

12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ ፌሮ ብረት፣ 1.15 ሜትር አስቆርጡ። ባዶ የ4 ሊትር የቀለም ጣሳ ውስጥ አቁሙትና አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ አቡክታችሁ ሙሉበት። ሦስት ቀን ይድረቅ። ባህር ዛፍ ርካሽ ቢሆንም ሲደርቅ ይጣመማል፤ ቱቦላሬ ካገኛችሁ እሱም ይሆናል። ስልሳ ተማሪ ላለው ክፍል አራት ዘንግ አዘጋጁ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ብዙዎች ይዘሉታል። የዘንግ ጥላ ጫፉ ደብዛዛ ነው። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ የምትሰፋ ክብ ስለሆነች፣ በ1 ሜትር ቁመት የጥላው ጫፍ 1 ሳ.ሜ ያህል ይደበዝዛል። አንዱ ልጅ እዚህ ነው ሲል ሌላው እዚያ ነው ይላል፣ ሁለቱም አልተሳሳቱም። መፍትሔው ይህ ነው፦ የፖስት ካርድ ስፋት ያለው ወፍራም ካርቶን ቆርጣችሁ መሐሉን በምስማር ብሱት፤ ቀዳዳው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን። ካርቶኑን ዘንጉ አናት ላይ በሽቦ አግድም እሰሩት፣ ቀዳዳው ከብረቱ ወደ ውጭ ይውጣ። አሁን የምትለኩት የጥላውን ጫፍ ሳይሆን በካርቶኑ ጥላ መሐል የምትታየውን ክብ ብርሃን ነው። የክቧን መሐል በእርሳስ ነጥብ ማድረግ ለማንም አያከራክርም።

ሁለተኛው የግንበኞች ቱንቢ ነው። ከቀዳዳው ላይ ክር አንጠልጥላችሁ ቱንቢው መሬቱን ሊነካ ሲል የሚያርፍበትን ነጥብ ምልክት አድርጉ። ጥላውን ከዘንጉ እግር አትለኩ፤ ከቱንቢው ነጥብ ለኩ። እንዲህ ከሆነ ዘንጉ ትንሽ ቢያዘነብልም ግድ የለም። ከእግሩ የምትለኩ ከሆነ ግን ዘንጉ አናቱ ላይ 1 ሳ.ሜ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ቢያጋድል ግማሽ ዲግሪ ተሳስታችኋል። ነፋስ ካለ ቱንቢው ይወዛወዛል፤ በጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ምልክት አድርጋችሁ ዘንጉን አታንቀሳቅሱት።

መሬቱ ላይ ጣውላ ወይም ጠፍጣፋ ሰሌዳ አንጥፉና ውኃ ልክ አድርጉበት፤ ከላዩ ነጭ ወረቀት በፕላስተር ይለጠፍ። ቁመት የሚባለው ከወረቀቱ እስከ ቀዳዳው ያለው ነው። ካርቶኑን ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ልክ 100 ሳ.ሜ አድርሱት፤ ሒሳቡ ይቀላል።

የመለኪያው ሰዓት

እኩለ ቀን ስትሉ የግድግዳ ሰዓት 6 ሰዓት የሚልበትን አትውሰዱ። የአገራችን ሰዓት የተሰላው በሶማሌ ክልል በኩል በሚያልፈው 45ኛ ኬንትሮስ ሲሆን ጎንደር ደግሞ 37.5 ላይ ናት። ፀሐይ ከዚያ ወደ እኛ ለመድረስ 30 ደቂቃ ይፈጅባታል። በመጋቢት 11 ደግሞ የፀሐይዋ ቀን ከሰዓታችን 7 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ሁለቱ ተደምሮ ፀሐይ ጎንደር ላይ ከፍተኛ ቦታዋ የምትደርሰው 6:37 ወይም 6:38 ላይ ነው። ቬንሴን ላይ በእነሱ ሰዓት 12:58 ገደማ፣ በእኛ ከቀኑ 8:58 ይሆናል። ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ቅጽበት አይለኩም፤ ለዚህም የቀጥታ ጥሪ አያስፈልግም።

ከ6:25 እስከ 6:50 ድረስ በየ2 ደቂቃው የብርሃኗን ክብ መሐል ነጥብ አድርጉና አጠገቡ ሰዓቱን ጻፉ። አሥራ ሦስት ነጥብ ይወጣል። ከቱንቢው ነጥብ በጣም የቀረበው ነው የምትፈልጉት። አንድ ጊዜ ብቻ የለካ ቡድን ትክክል ይሁን አይሁን ማወቂያ የለውም፤ አሥራ ሦስት ነጥብ ያለው ግን ነጥቦቹ ቀርበው መልሰው ሲርቁ በዓይኑ ያያል። ጎንደር ላይ በዚያ ቀን 22.4 ሳ.ሜ አካባቢ መምጣት አለበት። 30 ወይም 15 ከመጣ ካርቶኑ ተንሸራትቶ ወይም ቱንቢው ተዛውሮ ይሆናል።

ሰዓቱ የጠዋቱ ፈረቃ የሚወጣበትና የከሰዓቱ የሚገባበት ስለሆነ ግቢው ይጨናነቃል። ዘንጎቹን በገመድ ከልሉ፣ ዩኒት ሊደሩንም አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ልጆቹ ፀሐይዋን ቀና ብለው እንዳያዩ ደጋግማችሁ ንገሯቸው፤ መሬት መሬቱን ነው የሚመለከቱት።

በየዘንጉ አሥራ አምስት ተማሪ ይመደብ፦ ሁለት ነጥብ አድራጊ፣ ሁለት ሰዓት ጠሪ፣ ሁለት መዝጋቢ፣ ሁለት ቱንቢ ጠባቂ፣ ሁለት ፎቶ አንሺ፣ የቀሩት ለሒሳቡ የሚያስፈልገውን ትሪያንግል በትልቅ ወረቀት የሚስሉ። ሥራው በየቀኑ ይቀያየር። ካልተቀያየረ ስልኩ በአንድ ጎበዝ ወንድ ልጅ እጅ ሳምንቱን ይሰነብታል፣ ሴቶቹ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሲመዘግቡ ይቆያሉ።

ሒሳቡ

ጥላውን ለቁመቱ አካፍሉ፦ 22.4 ለ100፣ 0.224። ካልኩሌተሩ ላይ የታንጀንትን ተገላቢጦሽ ስትወስዱ 12.6 ዲግሪ ይሰጣችኋል። 0.22 ካላችሁ ካልኩሌተሩ ራዲያን ላይ ነው፤ ወደ ዲግሪ መልሱት። ታንጀንት ያልደረሱ ተማሪዎች 10 ሳ.ሜ ቁመት፣ 2.24 ሳ.ሜ መሠረት ያለው ትሪያንግል በደንብ ሹል በሆነ እርሳስ ስለው የላይኛውን ማዕዘን በፕሮትራክተር ይለኩ። እስከ አንድ ዲግሪ ቢሳሳት ነው፣ ለእነሱ ይበቃል።

ከቬንሴን 114.5 ሳ.ሜ ቢመጣ ማዕዘኑ 48.8 ወይም 48.9 ነው። ሁለቱም ጥላ ወደ ሰሜን ስለሚጋደም ትቀንሳላችሁ፤ ልዩነቱ 36.2 ያህል ነው። 360ን ለ36.2 ስታካፍሉ 9.94፤ ይህ በሰሜንና ደቡብ ርቀቱ ሲባዛ የምድር ዙሪያ ይመጣል።

ርቀቱ ላይ ተጠንቀቁ። የጎንደርና የቬንሴን የቀጥታ ርቀት 5,150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱን ካባዛችሁ ከ51,000 በላይ ይመጣና ልጆቹ ግራ ይጋባሉ። ቬንሴን ከእኛ ሰሜን ብቻ ሳትሆን ምዕራብም ናት። የሚፈለገው ከጎንደር ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን፣ ቬንሴን ካለችበት ኬክሮስ ጋር እኩል እስኪሆን ያለው ነው። በጉግል ካርታ ላይ ጎንደርን ተጭናችሁ ርቀት መለኪያውን ክፈቱና ኬንትሮሱን ሳትለቁ ወደ ላይ ውጡ፤ መስመሩ ዩክሬን ውስጥ ስሎቭያንስክ ከተማ አጠገብ ያርፋል። 4,020 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 9.94 ሲባዛ በ4,020፣ 39,960 አካባቢ። በዋልታዎች በኩል የሚለካው ትክክለኛው ዙሪያ 40,008 ነው። ልጆቻችሁ 1 ሳ.ሜ ቢሳሳቱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ፤ ይህን እንዲያሰሉት አድርጉ እንጂ መልሱን አታርሙላቸው።

ምን ይላካል፣ በምን?

ቴሌግራም ይበቃል። ፈረንሳይ ያለው መምህር ቴሌግራም ከሌለው በኢሜይል ላኩ። የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ሩብ ሜጋባይት ገደማ ነው፤ የአንድ ሰዓት የቪዲዮ ጥሪ ግን ከ500 ሜጋባይት እስከ 1 ጊጋባይት ሊበላ ይችላል፣ መብራት ከሄደ ደግሞ ያልቃል። መልእክት ግን መብራቱና ኔትወርኩ ሲመጣ ይሄዳል። ይህ ለእኛ ብቻ የተመቸ ዘዴ አይደለም፤ ልጆቹ በሁለተኛ ቋንቋ ሲናገሩ ዓረፍተ ነገራቸውን ሦስት ጊዜ አስተካክለው የመላክ ዕድል ይሰጣቸዋል። እንግሊዝኛ ለቬንሴን ልጆችም የተማሩት ቋንቋ እንጂ የአፍ መፍቻቸው አይደለም፤ ይህን ተማሪዎቻችሁ ይወቁት፣ ፍርሃታቸው ይቀንሳል። አንድ የድምፅ መልእክት በአማርኛ፣ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቢሆን ደግሞ እነዚያም ቋንቋችንን ይሰሙታል።

በየቀኑ የሚላከው አንድ መስመር ነው፦ ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ቁመት፣ አጭሩ ጥላ፣ ሰዓቱ በዩቲሲ፣ የሰማዩ ሁኔታ። በጋራ ሰንጠረዥ የምትጽፉ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። ፈረንሳውያን እኛ 114.5 የምንለውን ነጥቡን በኮማ ቀይረው 114,5 ብለው ይጽፋሉ። ሰንጠረዡ አንዱን እንደ ቁጥር፣ ሌላውን እንደ ተራ ጽሑፍ ይወስደውና አማካዩ የተሳሳተ ይሆናል። በሚሊ ሜትር፣ 1145 ብላችሁ ብትስማሙ ነጥብም ኮማም አያስፈልግም።

ፎቶ ስትልኩ በተለመደው መንገድ ላኩ፤ ቴሌግራም ራሱ አሳንሶ ይልከዋል። "እንደ ፋይል" ብላችሁ ከላካችሁት ብዙ ሜጋባይት ከመብላቱም በላይ ፎቶው የተነሳበትን ቦታ የጂፒኤስ ቁጥር ይዞ ሊሄድ ይችላል። ለወላጆች በአማርኛ አጭር ደብዳቤ ላኩ፤ ለድምፅና ለፎቶ ለየብቻ ይፈርሙ፤ ድምፁን ፈቅዶ ፎቶውን የማይፈቅድ ወላጅ አለ፣ መብቱ ነው። የተማሪ ሙሉ ስም፣ ሰፈርና ስልክ አይላክ፤ "ቡድን ሦስት" ይበቃል። ሁሉም መልእክት በመምህሩ አካውንት በኩል ይለፍ። ተማሪና የውጭ አገር አዋቂ በግል የሚጻጻፉበት መንገድ አይከፈት፣ ማንም ቢሆን።

ለንባብ ኢንተርኔት የሌላችሁ ኪዊክስ የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ በአንድ ስልክ ላይ ጫኑ። ዊኪፔዲያን አንድ ጊዜ አውርዶ ያለ ኔትወርክ ያስነብባል። የአማርኛው ትንሽ ስለሆነ ማንኛውም ስልክ ላይ ይገባል፤ የእንግሊዝኛው ግን ሙሉው በጣም ከባድ ነው፣ ተመርጦ የተዘጋጀውን አውርዱ። ከዚያ በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ለሌላው መምህር ማሻገር ነው።

የቀጥታ ጥሪ ማድረግ ከፈለጋችሁ ሳምንቱ ካለቀ በኋላ፣ ውጤቱ በእጃችሁ ሲሆን፣ 15 ደቂቃ ብቻ አድርጉት። ስልኩን ከስፒከር ጋር አገናኙ፣ ፓወር ባንክ ሞልታችሁ ያዙ፣ ምስሉ ከተቆራረጠ ካሜራውን አጥፍታችሁ በድምፅ ቀጥሉ። ከእያንዳንዱ ወገን አራት ተናጋሪ ይመረጥ፣ ሌላው ሰሌዳው ላይ ያለውን ሠንጠረዥ እያየ ያዳምጥ። ያኔ የሚነጋገሩበት አላቸው፦ ረቡዕ የእናንተ ቁጥር ለምን ወጣ አለ? ቱንቢ ነበራችሁ ወይ? ስንት ነጥብ አደረጋችሁ?

ያው ታንጀንት የሕንፃ ቁመት ለመለካትም ስለሚሠራ ቀጣዩን ሥራ ከዚሁ ማውጣት ይቻላል። የፋሲል ግንብና 50 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የቬንሴን ግንብ በጥላቸው ይለኩ፤ ለግቢው አስተዳደር አስቀድማችሁ ጻፉ።

ዘንጎቹን ከመጋቢት በኋላ አታፍርሷቸው። ሚያዝያ 15 ወይም 16 ላይ፣ ትምህርት ከኖረ፣ ከቀኑ 6:28 ገደማ ልጆቹን አውጧቸው። ፀሐይ ጎንደር ላይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ የብርሃኗ ክብ ከቱንቢው ሥር ትገባለች፣ የሚለካ ጥላ አይኖርም። ከዚያ ቀን በኋላ እስከ ነሐሴ 13 ድረስ ጥላችን ወደ ደቡብ ይዞራል፣ በእነዚያ ወራት ከቬንሴን ጋር ብትለኩ ማዕዘኖቹን በመቀነስ ፈንታ ትደምራላችሁ። የዚያን ቀን ፎቶ አንሡና ላኩላቸው። ቬንሴን ላይ ፀሐይ መቼም አናት ላይ ስለማትቆም እዚያ ያሉት ልጆች ይህን በራሳቸው ግቢ አያዩትም።